ለሽርሽር ስንወጣ አያቶቻችንን የት እናስቀምጣቸዋለን?

በዓልና የዕረፍት ቀን ሲደርስ ቤተ ሰብን ሰብስቦ ከከተማ ወጣ ብሎ መመለስ በአገራችን ልማድ እየሆነ መጥቷል። ልማዱ መልካም ነው፤ እኛም አንነቅፈውም። ይሁን እንጂ በዚህ ልማድ ውስጥ አንድ ነገር ሲደጋገም ስላየን ዛሬ ስለ እርሱ ጥቂት ለማለት ተነሥተናል።

ነገሩን ከራሳችን ቤት እንጀምር። በሳሎናችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አንድ ፎቶግራፍ አለ። በ2014 ዓ.ም. በአንድ የሐይቅ ዳር መዝናኛ የተነሣ ነው። የመዝናኛውን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ እንደ እርሱ ያለው ብዙ ነውና። በፎቶግራፉ ላይ ልጆች በውሃው ውስጥ ይንቦጫረቃሉ፣ እናቶች ዳር ቆመው ይሥቃሉ፣ እኛም ከጥላው ሥር ለስላሳ መጠጥ ጨብጠን እንታያለን። ከኋላ፣ ከሥዕሉ ጥግ ላይ፣ በነጭ የፕላስቲክ ወንበር አያታችን ተቀምጠዋል። በእግራቸው ዙሪያ አሥራ አንድ ጥንድ ጫማ ተደርድሯል፤ በጭናቸው ላይ አራት የእጅ ቦርሳ፣ በትከሻቸው ላይ የልጆች ፎጣ አለ። ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት ድረስ ከዚያች ወንበር አልተነሡም። ከወንበሯ እስከ መጸዳጃ ቤቱ ዘጠኝ የድንጋይ ደረጃ ነበረ፤ እጅ የሚያሳርፉበት መደገፊያ ብረት አልነበረውም። ያን ዕለት ውሃ እንኳ አልጠጡም። «ለምን አይጠጡም?» ብለን ብንጠይቃቸው «አልጠማኝም» አሉን። እኛም አመንን።

ፎቶግራፉን ያየ እንግዳ ሁሉ «እንዴት ደስ ይላል፤ አራት ትውልድ አንድ ላይ!» ይላል።

ዓመቱ ዞሮ በ2015 ዓ.ም. ለጥምቀት ሰሞን አክስታችን ከነልጆቻቸው ከአሜሪካ መጡ። በዚያን ጊዜ እኛ ገና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበርን። አክስታችን ወጪውን እርሳቸው ሊችሉ፣ ቤተ ሰቡ ግን ማንም ሳይቀር አንድ ላይ እንዲወጣ አሳሰቡ። ሲቆጠር አሥራ ሦስት ሰው ሆነ። ከሁሉም ታናሹ ገና የሚጠባ ነው፤ ከሁሉም ታላቋ እምዬ የምንላቸው አያታችን ሲሆኑ፣ ዕድሜያቸው ሰማንያ ስድስት፣ ጉልበታቸው የታመመ፣ ያለ ምርኩዝ የማይራመዱ ናቸው። ከዚህም በቀር በ1992 ዓ.ም. በዛላንበሳ ግንባር ግራ እግራቸውን ከጉልበት በታች ያጡ አጎት አሉን፤ ቤት ውስጥ በክራንች፣ ራቅ ሲል በተሽከርካሪ ወንበር ይሄዳሉ።

ጉባኤ ተቀመጥን። ቃለ ጉባኤ አልተያዘም እንጂ ሥርዓቱስ ከመሥሪያ ቤት ስብሰባ የሚያንስ አልነበረም። አንዱ ቢሾፍቱን አቀረበ፤ ቅርብ ነው፣ ፈጣን መንገድ አለው፣ ሐይቅም የውሃ መጫወቻም አለው። ሌላው ሶደሬን ጠራ፤ የፍል ውሃው ለጉልበት መልካም ነው አለ። ላንጋኖም ተነሣ፣ ርቀቱ ተጠልቶ ወደቀ። አክስታችን በፍሎሪዳ ዲዝኒ ከሚባለው መጫወቻ አማታቸውን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፉ መዋላቸውን፣ አንድም ቦታ ደረጃ እንዳላስቸገራቸው አወሩልን። በመጨረሻም ቢሾፍቱ እንዲሆን በአንድ ድምፅ ተወሰነ፤ ምክንያቱም «ለእምዬ ሲባል» የሚል ነበር።

እምዬ በዚያን ሰዓት በአጠገቡ ካለው ክፍል ውስጥ ጥጥ ይፈትሉ ነበር። ውሳኔውን ለማብሠር የተላከችው እኅታችን ገብታ ስትነግራቸው እንዝርቱን አቆሙና «ለእኔ ሲባል ነው ያላችሁት? እኔን ማን ጠየቀኝ?» አሏት። ቀጥለውም ውሃ በቧንቧ ቤት እንደሚመጣላቸው፣ ኩሬ ለማየት የትም እንደማይሄዱ፣ መሄድ ካለ ግን አንኮበርን ማየት እንደሚፈልጉ ተናገሩ። የተወለዱት ከአንኮበር በታች ነው። በ1946 ዓ.ም. ተድረው አዲስ አበባ ከገቡ ወዲያ ጥቂት ጊዜ ተመላልሰዋል፤ ከአብዮቱ ወዲህ ግን አላዩትም።

ይህ መልስ እኛን አሳፈረን። በሐይቁ ዳር ያለ ፈቃዳቸው ጫማ ጠባቂ አድርገናቸው ነበር። አሁን ደግሞ እንደ ካሣ ቆጥረን፣ ጉልበታቸውን ብቻ ለክተን፣ ልባቸው ወዴት እንዳለ ሳንጠይቅ ደልዳላ ቦታ መረጥንላቸው። ሁለቱም ስሕተት ከአንድ ምንጭ የፈለቀ ይመስለናል። ይኸውም ሽርሽሩ የእኛ ነው፣ እርሳቸው ግን አብረውን የሚጓዙ ናቸው ብሎ ማሰብ ነው።

ስለ ዲዝኒ መጫወቻ ከተነሣ አይቀር አንድ ነገር እናስታውስ። ባለቤቱ ዋልት ዲዝኒ ሐሳቡ እንዴት እንደ መጣለት ሲናገር፣ ሁለት ሴቶች ልጆቹ በሚሽከረከር የእንጨት ፈረስ ላይ ሲጫወቱ እርሱ ከአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ መጠበቁን፣ ወላጅና ልጅ አብረው የሚደሰቱበት ቦታ ለምን አይኖርም ብሎ ማሰቡን ይተርክ ነበር። የመጀመሪያው መጫወቻ በካሊፎርንያ በእኛ አቆጣጠር በ1947 ዓ.ም. ተከፈተ። እንግዲህ ይህ ከሆነ ሰባ ዓመት ሆኖታል፤ እኛ ግን አሁንም አያቶቻችንን ከዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጠን ቦርሳ እናስታቅፋቸዋለን።

ወደ አንኮበር እንመለስ። አንኮበር ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ርቃ ከምትገኘው ከደብረ ብርሃን በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ደጋው አልቆ ቆላው ከሚጀምርበት አፋፍ ላይ ያለች ናት። የሸዋ ነገሥታት ይህችን ቦታ የመረጧት ለመዝናኛ አልነበረም። ከአዋሽ በረሓ የሚመጣውን፣ ነጋዴም ይሁን ጠላት፣ ከላይ ሆነው አስቀድመው ለማየት፣ የሚመጣውም ሽቅብ ሲወጣ ትንፋሹ እንዲያጥረው ነበር። በ1833 ዓ.ም. ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ከጠረፍ ጀምሮ ጓዙን በግመል ካመጣ በኋላ፣ ወደ ደጋው ያወጣው በሰው ሸክም ነው። ዳገቱ ያለ ደመወዝ የሚያገለግል በር ጠባቂ ነበር ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ በ1848 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስን አልከለከላቸውም። የእኛን አያት ግን ይከለክላል።

ዛሬ በዚያ ኮረብታ አናት ላይ፣ ከጥንቱ ቤተ መንግሥት ከቀረው የግንብ ፍራሽ አጠገብ፣ የድሮውን አሠራር ተከትሎ የተሠራ ማረፊያ አለ። ቦታው ውብ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ዐይን እስኪደክም ቆላውን ያሳያል። የመኪናው መንገድ ግን ከግርጌው ያበቃና ቀሪው በእግር የሚወጣ ደረጃና ዳገት ነው። ይህን የምንለው ለነቀፌታ አይደለም፤ ኮረብታው የተመረጠው እኛ ሳንወለድ ለሌላ ጉዳይ ነውና።

ደግሞም ነገሥታቱ ራሳቸው ዳገትን እስከ መጨረሻው አልወደዱትም። ዳግማዊ ምኒልክ ከአንኮበር ወጥተው ወደ እንጦጦ ተሻገሩ። እንጦጦም ያው ከፍታ ነው፤ ብርዱና ነፋሱ አጥንት ይሰብራል። የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ቁርጥማት የያዘውን ሰውነታቸውን ሊታጠቡ ወደ ፍል ውሃ ይወርዱ ጀመር። እቴጌ ጣይቱም ከፍል ውሃው አጠገብ ቤት አሠሩ፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተባለ። የዛሬይቱ ዋና ከተማ የተወለደችው ዳገት ከሰለቸው ጉልበትና ከሞቀ ውሃ ነው ብንል ብዙ የምንሳሳት አይመስለንም። መኳንንቱና ወይዛዝርቱ፣ ሽማግሌውና ልጁ አንድ ላይ የሚወርዱበት ፍል ውሃ፣ ለእኛ አገር የቤተ ሰብ መዝናኛ አባት ሊባል ይችላል። ይገርማል፤ ዛሬ የምኒልክ ኮረብቶች ሁሉ መናፈሻ ሆነዋል። የአዲስ አበባው ግቢ በመስከረም 2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ ተብሎ ለሕዝብ ተከፈተ፤ እንጦጦም ፓርክ ሆነ። እንጦጦ ላይ ቢያንስ አስፋልቱ እስከ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ያደርሳል፤ አንኮበር ላይ እንዲህ ያለው የለም።

በእኛ ዘንድ የዚህ ሁሉ መልስ «እንሸከማቸዋለን» የሚል ነው። አጎታችን እንደሚሉት ባለፉት ዓመታት በሄዱበት ሆቴልና መሥሪያ ቤት ሁሉ ደረጃውን ሲያዩ ከተደናገጡ፣ ከየአቅጣጫው አራት ጎረምሳ ይሮጥና «ምን ችግር አለ ጋሼ፣ እኛ እያለን!» ብሎ ከነወንበራቸው ብድግ ያደርጋቸዋል። ደግነቱ የሚመሰገን ነው፤ በሌላ አገር እንዲህ ያለ ፈጥኖ ደራሽ አይገኝ ይሆናል። ነገር ግን ይህ ደግነታችን ለሕንፃ ሠሪው መጥፎ ትምህርት አስተምሮታል። ሸካሚ እስካልጠፋ ድረስ መወጣጫ መሥራት አያስፈልግም ብሎ እንዲተኛ አድርጎታል። የሚሸከመው ሰው ምስጋናውን ይዞ ይሄዳል፤ የተሸከሙት ሰው ግን ከላይ ይቀራል። ለመውረድ እንደ ገና መጥራት አለበት፤ ለመጸዳዳት መጥራት አለበት፤ መጥራት የሰለቸው ዕለት ደግሞ ቤቱ ይቀራል። «እኔ ደረጃ አልፈራም፤ የምፈራው መጸዳጃ ቤቱን ነው» ብለውን ያውቃሉ አጎታችን። «ልነሣ ባልኩ ቁጥር አራት ሰው ልጥራ?»

ይህን ስንሰማ የአያታችን «አልጠማኝም» ምን ማለት እንደ ነበረ ገባን።

በዚህ ረገድ ሕግ የለም እንዳይባል፣ አለ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ማንኛውም የሕዝብ መገልገያ የሆነ ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱ፣ እንዲሁም መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው አዝዞ ነበር። «መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት ለማይችሉ» የሚለውን አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ይህ የኢትዮጵያ አያቶች ሁሉ መልክ ነው። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አጽድቃለች፤ የስምምነቱ 30ኛ አንቀጽ የሚናገረው ስለ መዝናኛ፣ ስለ ስፖርትና ስለ ጉብኝት ቦታዎች ነው። እንግዲህ አካል ጉዳተኛ ወይም አዛውንት መዝናናቱ ትርፍ ነገር ነው፣ መጀመሪያ ዳቦ ይብላ የሚለው ክርክር በገዛ ፊርማችን የተዘጋ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት ከዓለም ሕዝብ 16 ከመቶው፣ ማለት 1.3 ቢሊዮን ሰው፣ ከባድ የአካል ጉዳት አለበት። ይህ ቍጥር ጉልበታቸው ብቻ የታመመውን እንደ እምዬ ያሉትን ሁሉ ጨርሶ የሚቈጥር አይመስለንም።

አንዳንድ ሰዎች «አገራችን ድኻ ናት፤ ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው» ይሉ ይሆናል። ሀብታሙ አገርስ ቢሆን ያለ አንድ ሰው እልክ አልሠራውም። በቴክሳስ፣ በሳን አንቶንዮ ከተማ፣ ጎርደን ሃርትማን የተባለ ቤት እየሠራ የሚሸጥ ሰው አካል ጉዳተኛ ልጁ ከሌሎች ልጆች ጋር መጫወት ስታቅታት አይቶ፣ የተተወ የድንጋይ ካባ ገዝቶ፣ በ2002 ዓ.ም. በልጁ ስም የተጠራ መጫወቻ ከፈተ። በተሽከርካሪ ወንበር ሳሉ የሚሳፈሩበት መሽከርከሪያ አለው፤ አካል ጉዳተኛ የመግቢያ ዋጋ አይከፍልም። ከሰባት ዓመት በኋላም ውሃ የማይጎዳቸው ተሽከርካሪ ወንበሮች ያሉበት የውሃ መጫወቻ ጨመረበት። ይህን ያህል ከእኛ አሁኑኑ አንጠብቅም። ነገር ግን መደገፊያ ብረት ስንት ያስወጣል? ከምድር ቤት ካሉት ክፍሎች ሁለቱን ለአዛውንት መለየትስ?

መወጣጫውም ቢሆን ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ዘግይቶ ሲመጣ ነው የሚከብደው። አንድ ደረጃ 17 ሳንቲ ሜትር ቁመት ቢኖረው ዘጠኙ ደረጃ 153 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በዓለም የተለመደው ልክ ለአንድ ሳንቲ ሜትር ከፍታ አሥራ ሁለት ሳንቲ ሜትር ርዝመት ስለሆነ፣ ለእነዚያ ለሐይቁ ዳር ዘጠኝ ደረጃዎች 18 ሜትር ከ36 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም መወጣጫ ያስፈልጋል። ሕንፃው ካለቀ በኋላ 18 ሜትር ከየት ይመጣል? ከመሠረቱ በፊት፣ በወረቀት ላይ ሳለ ከታሰበ ግን ከእርሳስ መስመር በቀር የሚያስወጣው የለም። ይህን በተለይ የምንናገረው ነገ የሕንፃ ፈቃድ ማኅተም ለምትይዙት፣ ዛሬም በየማዘጋጃ ቤቱ የሥዕል ወረቀት እየገለጣችሁ ለምትፈርሙት ጓደኞቻችን ነው። የእናንተ ፊርማ ከአራት ጎረምሳ ትከሻ ይበልጣል።

እኛ ግን ሕንፃዎቹ እስኪታረሙ ልንጠብቅ አልቻልንም፤ እምዬም ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። ውሳኔው ተሻረና አንኮበር ሆነ። ማደሪያውን ግን ኮረብታው ላይ ሳይሆን ደብረ ብርሃን ላይ ልናደርገው ተስማማን። አክስታችን «ያ ሁሉ ከፍታ፣ ያ ሁሉ ብርድ!» ብለው ነበር፤ ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ስለምትጠጋ ስጋታቸው ከንቱ አልነበረም። ሐኪም ተጠየቀ፣ ፈቀደ፣ ቀስ ብለው እንዲራመዱ አዘዘ። የጥር ውርጭንም ብርድ ልብስ በሚሠራባት ከተማ ብርድ ልብስ አይጠፋም ብለን አለፍነው።

ስልክ የመደወሉን ሥራ አጎታችን ተረከቡን። እኛ ደውለን ቢሆን ኖሮ «ለአካል ጉዳተኛ ይመቻል ወይ?» ብለን እንጠይቅ ነበር። እርሳቸው እንዲህ ብለው አይጠይቁም፤ ለዚህ ጥያቄ የሁሉም ሆቴል መልስ «ምንም ችግር የለም» እንደሆነ ከብዙ ዓመት ልምድ ያውቃሉና። የእርሳቸው ጥያቄ «ከመኪናው ወርጄ አልጋዬ እስክደርስ ስንት ደረጃ አለ? ቁጠርልኝ» የሚል ነው። ከዚያ «መብራት ሲጠፋ ሊፍቱ በጄኔሬተር ይሠራል?» ይላሉ። ከዚያ ስለ መታጠቢያ ቤቱ በር ስፋት ይጠይቃሉ። በሌላው ጫፍ ያለው ልጅ ሜትር የለኝም ሲላቸው «እጅ አለህ አይደለም? ስንዝር ለካልኝ» አሉት። ልጁ ሄዶ ለክቶ ተመለሰ። የእርሳቸው ወንበር ከጎን እስከ ጎን 65 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ሦስት ስንዝር ከሆነ ይቀረቅራል፣ አራት ከሆነ ያልፋል። ሁለት ሆቴሎች በሦስት ስንዝር ወደቁ። ሦስተኛው አራት ስንዝር ከምናምን ሆኖ ተገኘና ከምድር ቤት ሦስት ክፍል ያዝን። ከዚያ በፊት አንድም ሰው እንዲህ ብሎ ጠይቆት እንደማያውቅ ልጁ በስልክ ነገራቸው። እኛ እንደሚመስለን ሌላ አሥር ሰው ቢጠይቀው ባለቤቱ ሳይነገረው በሩን ያሰፋዋል።

ጉዞውን በዝርዝር አንተርክም። የመኪናውን ፍጥነት የወሰነው የሚጠባው ሕፃን ነበር። ከደብረ ብርሃን ወጥቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው በደጋው ሜዳ ሲታለፍ ጭላዳዎች ከመንገዱ ዳር ሣር ይነጫሉ፤ መስኮት ከፍቶ ማየት ደረጃ አያስወጣምና ይህኛው ትርዒት ለአሥራ ሦስታችንም እኩል ነበር። ጎረቤላን አልፈን ኮረብታው ሲታይ እምዬ ዝም አሉ።

ከግርጌው ደረስን፤ መኪናው ቆመ። ልጆቹ ወርደው ደረጃውን ይሽቀዳደሙ ጀመር። እኛና የአክስታችን ልጅ አንድ ወንበር አምጥተን እምዬን ልንሸከም ተዘጋጀን። ያን ሁሉ ስለ ሸክም ከሰማን በኋላ ያው ሸክም ትዝ ማለቱን አንባቢ ይታዘበን። እምዬ ወንበሩን አይተው «ሳልሞት በቃሬዛ? አይሆንም» አሉ። አጎታችን ከመኪናው ሳይወርዱ ሣቁ። እርሳቸውማ ከመነሻው ቡና እየጠጡ ከታች እንደሚጠብቁ፣ ተራራ ዛላንበሳ ላይ የወጡት እንደሚበቃቸው ተናግረው ነበር።

መፍትሔውን ያመጣው ከዚያው ቆሞ ያየን አንድ ገበሬ ነው። በቅሎ አለችኝ አለ። ሰጋር አይደለችም፣ ጭነት የለመደች ናት፣ ግን ረጋ ያለች ናት። ዋጋ ተነጋገርን። እምዬ ከአንድ የድንጋይ ካብ ላይ ቆመው፣ አንድ እጃቸውን በእናታችን ትከሻ ጣል አድርገው፣ ሁላችንም «ቀስ! ቀስ!» ስንል ወጡ። በቅሎ ላይ ሲሆኑ ጉልበታቸው እንደማያማቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። ልጓሙን ከገበሬው እጅ ተቀብለው አስተካከሉት። አክስታችን ፎቶግራፍ ሊያነሡ ሲሉ እንደ ልማዳቸው የእጅ ቦርሳቸውን ወደ እምዬ ዘረጉ። «አልይዝም፤ ሁለቱም እጄ ልጓም ይዟል» አሏቸው።

እዚህ ላይ አንድ ሐሳብ ብናቀርብ ከጉዳዩ የወጣን አይመስለንም። የአንኮበርን ኮረብታ አፍርሱ፣ አስፋልት አውጡበት የሚል ሰው ቢኖር እኛ አንተባበርም። ላሊበላ ላይ ወደ አሸተን ማርያም የሚወጡ እንግዶች በቅሎ ተከራይተው መሄዳቸው የታወቀ ነው። አንኮበርም እንዲሁ የታወቀ ዋጋ ያላቸው የለመዱ በቅሎዎች፣ ለመውጫና ለመውረጃ የሚሆን የድንጋይ መረገጫ፣ ከግርጌው ደልዳላ ቦታ ላይ ደግሞ አራት ስንዝር በር ያለው መጸዳጃ ቤትና ቆላውን የሚያሳይ ጥላ ቢኖራት፣ ገበሬው ገቢ ያገኛል፣ አያቶችም ይመጣሉ። በእርግጥ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት፣ ወደዚያ ቤተ ሰብ ይዞ ለመሄድ ያሰበ ሰው ከደረጃው ቍጥር በፊት የመንገዱን ሰላም መጠየቅ ግዴታው ሆኗል። እኛ የሄድነው ከዚያ በፊት በነበረችው አጭር የእፎይታ ጊዜ ነው። መንገዱ ሲቀና ግን ዝግጅቱ ከዚያ በኋላ ይጀመር ከተባለ፣ የእምዬ ዕድሜ እኩዮች አይደርሱበትም።

በቅሎዋ በደረጃው አልሄደችም፤ ኮረብታውን በሚዞረው የእግር መንገድ እስከ ወገቡ ድረስ ወጣች። እዚያ ደልደል ያለ ቦታ አለ፤ ከአልዩ አምባ በኩል ያለው ቆላ ከነጉሙ ይታያል። ከዚያ በላይ መንገዱ ስለሚጠብ ገበሬው በቃ አለ፤ እምዬም አልተከራከሩም። ምርኩዛቸውን ከኮርቻው ላይ አጋድመው፣ ነጠላቸውን ከነፋሱ ሸፍነው፣ ይህኛው የማን አገር፣ ያኛው የማን ርስት እንደ ነበረ ለእኅታችን ይነግሯት ጀመር። ካዩት ሃምሳ ዓመት አልፎ አንድም ስም አልጠፋቸውም።

ልጆቹ ከአናቱ ተመለሱ። ቤት አለ አሉ፤ የድሮ ግድግዳ አለ፤ ከዚያ በላይ ምንም የለም፤ ሁሉንም አይተናል አሉ። እምዬ ግድግዳው በየት በኩል እንደ ቆመ ጠየቋቸው። አንደኛው በቀኝ፣ ሌላው በግራ አለ። «ከግንቡ ኋላ ወይራ ነበረ፤ በልጅነታችን እርሱ ሥር እናርፍ ነበር። አለ?» አሉ እምዬ። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ወይራ የትኛው ዛፍ እንደሆነም የሚያውቅ አልነበረም። እምዬ ቅጠሉ ከላይ አረንጓዴ፣ ከታች ሻሽ መሆኑን ነገሯቸው። የአክስታችን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ይህን በእንግሊዝኛ አስተረጎመና «ቅጠሉን አመጣለሁ!» ብሎ ወደ ላይ መልሶ ሮጠ። ገበሬው ሊመሽ ነው ብሎ በቅሎዋን ሊያዞር ቢል፣ እምዬ ልጓሙን ሳብ አድርገው ከለከሉት፤ ልጁ እስኪመለስም ከበቅሎዋ ሳይወርዱ ጠበቁት።